መሬቱ ውሃ ጠጣ ማለት ፍሳሽ ይችላል ማለት አይደለም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በዱከምና በቢሾፍቱ መካከል 5000 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ ፋብሪካ እየገነባን ነው። በሁለት ፈረቃ 160 ሠራተኛ ይኖረናል። በአካባቢው የፍሳሽ መስመር የለም። ኮንትራክተራችን ሴፕቲክ ታንክ ሠርቶ ከጎኑ 3 ሜትር ስፋት፣ 6 ሜትር ጥልቀት ያለው ሶክ አዌይ (ፍሳሹን ወደ መሬት የሚያሰርግ ጉድጓድ) ሊቆፍር ነው። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው። በየካቲት ጉድጓድ ቆፍረን አንድ በርሜል ውሃ ደፋንበት፤ 40 ደቂቃ ሳይሞላ ጭልጥ አደረገው። አማካሪው መሐንዲስ ግን የአፈር ፍተሻ ካልተደረገ አልፈርምም አለ። ፍተሻው በእርግጥ ያስፈልጋል ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው? ሶክ አዌዩንስ ከግቢው ጥግ፣ አጥሩ ሥር ብናደርገው ችግር አለው?»

አማካሪዎ ልክ ነው። ያቺ በርሜል ውሃ ሸውዳችኋለች።

የየካቲት መረሬ፣ ማለትም ያ ጥቁር አፈር፣ ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ የአካባቢው ገበሬ ይንገርዎት። ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ዱላ ቢሰዱበት ሜትር ያህል ወርዶ ይቆማል። እናንተ የደፋችሁት ውሃ አፈሩ ውስጥ አልሰረገም፤ በስንጥቁ ሾልኮ ሄደ። ወንፊት ላይ ውሃ ደፍቶ «ጠጣው» እንደ ማለት ነው።

ያው መሬት ሐምሌ ላይ ሌላ መሬት ነው። ጥቁሩ አፈር ውስጥ ያለው ሸክላ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል። ስንጥቁ ሁሉ ይገጥማል። ጫማ ሶል ላይ ተለጥፎ እግርን እንደ ድንጋይ የሚያከብደው ያኔ ነው። የአካባቢያችሁ የአድአ ገበሬ ሽምብራና ጓያውን ዝናቡ ሊወጣ ሲል የሚዘራው ለምን ይመስልዎታል? በክረምቱ አጋማሽ ማሳው ላይ ውሃ ስለሚተኛ ነው። ውሃው ወደ ታች አይወርድም፤ ጸሐይ እስክታነሳው ይጠብቃል። ሰማይ የሰጠውን ውሃ ማሳለፍ ያልቻለ አፈር፣ 160 ሰው በየቀኑ የሚያፈሰውን ጨምሮ እንዲያሳልፍ መጠበቅ ግፍ ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገርዎት። ከዓመታት በፊት፣ ስሙን የማልጠራው ፋብሪካ ልክ እንደ እናንተ በበጋ ሶክ አዌይ ቆፈረ። እስከ ግንቦት ሁሉም ሰላም ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ተጠርቼ ሄድኩ። የምሳ ሰዓት ነው። ሁለት መቶ የሚጠጋ ሰው ከማሽን ወርዶ እጁን ይታጠባል፣ ሽንት ቤት ይገባል። የመሬት ቤቱ መጸዳጃ ውስጥ ቆሜ ሳለ የወለሉ ማፍሰሻ ቀዳዳ እንደ ማጉረምረም አለና ጥቁር ውሃ ወደ ላይ መምጣት ጀመረ። የጽዳት ሠራተኛዋ ደነገጠች አይበሉኝ። ካልሲዋን ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከታ ቆማ ትጠብቀው ነበር። በየቀኑ በስድስት ሰዓት ከሩብ እንደሚመጣ ታውቃለች። ፋብሪካው ያን ክረምት ያሳለፈው በመምጠጫ መኪና ነው። ሶክ አዌዩን ስንከፍተው እስከ አፉ ሞልቷል። ምንም አይወርድም። ያ ጉድጓድ በተቆፈረ ጊዜ፣ በየካቲት፣ «እሳት የሆነ ጉድጓድ» ተብሎ ነበር።

እዚህ ላይ ኮንትራክተርዎ የሚሰጠውን መልስ አውቀዋለሁ። «ታዲያ ጥቁሩን አልፈን ሬድ አሹ ላይ እንድረስ» ይላል። በእናንተ አካባቢ ብዙ ቦታ ከጥቁሩ አፈር ሥር የእሳተ ገሞራ ትፋት አለ፤ ቀይ፣ ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ መንገድ የምናነጥፍበት። 6 ሜትር ያለውም ለዚህ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። እዚያ ላይ ከደረሰ በእርግጥም ውሃው ይጠፋል። ክረምት ከበጋ ይጠፋል። ሽንት ቤት አይመለስም፣ መምጠጫ መኪና አይጠራም፣ ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል።

ለእኔ ግን ከሁለቱ ይሄኛው የባሰ ነው። የሞላ ጉድጓድ ይሸታል፣ ያስጮኻል፣ እንድታስተካክለው ያስገድድሃል። የሚያሾልክ ጉድጓድ ዝም ይላል። ሴፕቲክ ታንክ ፍሳሽ አያጠራም። ደረቁን ያስቀምጣል፣ ቅባቱን ያንሳፍፋል፣ ጥቂቱን ያበሰብሳል። የሚወጣው ውሃ ገና በጀርም የተሞላ ነው። የማጣራቱን ዋና ሥራ የሚሠራው አፈር ነው። ለዚያ ደግሞ አፈሩ ውሃ ያልጠገበ፣ አየር ያለበት፣ ቢያንስ ከ60 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው መሆን አለበት። ውሃው በዚያ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲወርድ ነው ጀርሙ የሚያዘውና የሚሞተው። ሬድ አሽ ግን እንደ ቱቦ ነው። ከላይ የገባው ከታች ያው ሆኖ ይወጣል። ከታች ያለው ምንድን ነው? ውሃ። ከአዲስ አበባ ትልልቅ የከርሰ ምድር ውሃ መገኛዎች አንዱ፣ የአቃቂ የጉድጓድ ውሃ መስክ፣ የሚቀዳው ከእንዲህ ዓይነቱ ትፋትና ከተሰነጠቀ ጥቁር ድንጋይ ነው። የእናንተ ግቢ ውሃ በቀጥታ እዚያ ይገባል እያልኩ አይደለም። ግን ድንጋዩ ተመሳሳይ ነው፤ በዙሪያችሁ ያሉ ብዙ ፋብሪካዎችም የሚጠጡት ከራሳቸው ጉድጓድ ነው። ምናልባት እናንተም ልትቆፍሩ አስባችኋል።

ስለዚህ የመስረግ ፍተሻ፣ በግንባታ አፍ ፐርኮሌሽን ቴስት፣ የሚመልሰው ጥያቄ «ውሃ ይገባል ወይ?» አይደለም። «በሚጠቅም ፍጥነት ይገባል ወይ?» ነው። ቁጥሩን ለመያዝ ቀላል ነው። በቆየው የአሜሪካ መመሪያ መሠረት ውሃው አንድ ሴንቲ ሜትር ለመውረድ ከ24 ሰከንድ በታች ከፈጀበት አፈሩ ያሾልካል። ከ24 ደቂቃ በላይ ከፈጀበት ለተራ ማስረጊያ ቦይ (ፍሳሹን ጥልቀት በሌለው ቦይ ለአፈር ለሚያጠጣው) አይሆንም። ለሶክ አዌይ ደግሞ ይብሳል፤ ገደቡ 12 ደቂቃ ነው። ጥሩ አፈር ያለው በእነዚህ መካከል ነው። ሌሎች አገሮች ትንሽ ለየት ያለ ቁጥር አላቸው፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

ወደ ፍተሻው ከመሄዳችን በፊት ግን ሌላ ነገር። የፋብሪካ ግቢ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ አፈሩ አይደለም። ወደ ታንኩ የሚገባው ምንድን ነው?

ሴፕቲክ ታንክ የተሠራው ለሰው ነው። ለመጸዳጃ፣ ለእጅ መታጠቢያ፣ ለሻወር፣ ቅባት መያዣ እስካለው ድረስ ለወጥ ቤት። ከማሽን የሚወጣ ነገር አይገባበትም። እናንተ ፕላስቲክ ነው የምትሠሩት። ያገለገለ ፕላስቲክ እያጠባችሁ የምትፈጩ ከሆነ ያ እጣቢ ሳሙናና ኮስቲክ ሶዳ፣ ዘይት፣ ደቃቅ ፕላስቲክ አለበት። ኮስቲኩ ታንኩ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ደቃቁ ፕላስቲክ አይበሰብስም፤ ይንሳፈፍና ወደ ማስረጊያው አልፎ ይደፍነዋል። የማሽኖቹ ሃይድሮሊክ ዘይት ሲንጠባጠብ ወለሉን የሚያጥቡበት ውሃስ? የወርክሾፑ ወለል ማፍሰሻ ወዴት ነው የተቀጠለው? ፕላኑን አውጥተው ይዩት። ብዙ ጊዜ ቧንቧ ሠራተኛው ቅርብ ወደሆነው ማንሆል ይቀጥለዋል፤ ክፋት የለበትም፣ ቅርብ ስለሆነ ነው።

ሰዎች የማያስቡት አንድ ሌላ አለ። ለማሽን ማቀዝቀዣ ውሃ የሚያለሰልስ መሣሪያ ካላችሁ፣ እሱ ራሱን ሲያጥብ ጨዋማ ውሃ ይለቃል። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ሸክላ አፈርን ያፈርሰዋል። ቅንጣቶቹ ተያይዘው የሠሩትን ቀዳዳ በትኖ ይደፍነዋል። በደህና አፈር ላይ እንኳ ጉዳት አለው። መረሬ ላይ አልነግርዎትም። ይህን ሁሉ በሌላ መስመር ለዩት። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም በካይ ነገር ወደ አካባቢ መልቀቅን ይከለክላል። መርማሪ ሲመጣ «ሶክ አዌይ ውስጥ ነው የገባው» ማለት መከላከያ አይሆንም፤ ማመን ነው።

የጣሪያ ውሃም እንዳትቀላቅሉ። 2000 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 60 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። የስድስት ቀን ፍሳሻችሁን በሁለት ሰዓት።

አሁን ወደ ሜዳው እንውጣ።

መጀመሪያ በእግር ይሂዱ። ሳርና እንግጫ የት በርትቶ እንደሚበቅል ይዩ፤ ውሃ የሚተኛበት እዚያ ነው። ከጎን ያሉትን አሮጌ ቁፋሮዎች፣ የመንገድ ዳር ጉድባዎች ይመልከቱ፤ በነጻ የተቆፈረ የአፈር መጽሐፍ ናቸው። አጥር ላይ ያለውን ጥበቃ ወይም በአቅራቢያ ያለ አዛውንት «ክረምት ላይ እዚህ ጋ እግር ይገባል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ይሄ ፍተሻ ምንም አያስወጣም። እኔ ግማሹን የማውቀው በዚህ ነው።

ቀጥሎ በኤክስካቫተር ሁለት ሦስት ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ ማስረጊያው ሊሆን በታሰበበት ቦታ ግራና ቀኝ። ጥልቀቱ ከማስረጊያው ወለል ቢያንስ 1.2 ሜትር የሚያልፍ ይሁን። ጥቁር አፈር ግድግዳው ቆሞ የሚቀር ይመስላል፤ ከዚያ ድንገት ይደረመሳል። ስለዚህ ጎኑ በደረጃ ካልተቆረጠ ማንም አይግባ። ከላይ ሆነው በባልዲው የወጣውን ጓል ያገላብጡ።

ጓሉን ሰብረው ይመልከቱ። አንዳንዱ ፊቱ እንደ ተወለወለ ያብረቀርቃል፤ ሳሙና እንደነካው ብርጭቆ። አፈሩ በየዓመቱ ሲያብጥና ሲሸበሸብ እርስ በርሱ ተፋግቶ የሠራው ነው። ይህን ካዩ የሚያብጥ ሸክላ መሆኑን ላቦራቶሪ ሳይነግርዎት አወቁ። ከዚያ ጭብጥ የሚያህል አፈር በውሃ አርሰው እንደ ሊጥ ያሹት። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየጫኑ እንደ ሪባን ያውጡት። 2 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ከተቆረጠ ለም፣ የተደባለቀ አፈር ነው፤ ተስፋ አለው። ከ5 ሴንቲ በላይ ሳይበጠስ ከተንጠለጠለ ንጹህ ሸክላ ነው። የዱከም አካባቢ መረሬ እንደ ማስቲካ ነው የሚሳበው።

እሱ ካላሳመነዎት ሃይላንድ ጠርሙስ ያምጡ። ሲሶውን አፈር፣ ቀሪውን ውሃ፣ ጠብታ ሳሙና። አምስት ደቂቃ ይናጡትና ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይቀመጣል። ደለሉ በሁለት ሰዓት። ሸክላው ነገም አልተቀመጠም፤ ውሃው ጭቃ እንደሆነ ነው። በእስክርቢቶ ጠርሙሱ ላይ ምልክት ያድርጉ። ባለሀብት ፊት ለማቅረብ ከወረቀት ሪፖርት ይልቅ ይህ ጠርሙስ ይሠራል። ሞክሬዋለሁ።

የክረምት ውሃ እስከ የት እንደሚወጣም ጉድጓዱ ይናገራል። አፈሩ ውስጥ ግራጫና የዝገት ቀለም ያለው ነጠብጣብ ካለ፣ በዓመት ውስጥ የሆነ ጊዜ ያ ድረስ ውሃ ይቆማል ማለት ነው። አስቸጋሪው፣ በጣም ጥቁር አፈር ላይ ይህ ምልክት አይታይም። ስለዚህ ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ቀብረው በሐምሌና በነሐሴ ውስጡን በገመድ መለካት ይሻላል። አንድ ክረምት መጠበቅ የማይታሰብ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ግንባታችሁ በአንድ ክረምት አያልቅም፤ ቧንቧው ዛሬ ይቀበር።

ከዚህ በኋላ ነው የመስረግ ፍተሻው። እንዲህ ይሠራል። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ፣ ማስረጊያው ሊሆን በታሰበበት ጥልቀት ድረስ፣ በእጅ ይቦረቦራል። የተለመደው ስድስት ቀዳዳ ነው፤ ቦታው ላይ ተበታትኖ። አካፋና ኦገር (የአፈር መሰርሰሪያ) ሸክላውን ስለሚለስኑት ግድግዳው በሹል ነገር ይጫር፤ እኔ ምስማር የተመታበት እንጨት እጠቀማለሁ። የረገፈው ይውጣ። ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ይደረግበት። ከዚያ ውሃ ሞልቶ ማደር አለበት።

ይህ ማደር ነው የናንተን በርሜል ከፍተሻ የሚለየው። ቢያንስ አራት ሰዓት 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ ሳይጎድልበት፣ ከዚያም ሌሊቱን ሙሉ። ሸክላው አብጦ የክረምቱን መልክ እንዲይዝ ነው። በበጋ የሚሠራ ፍተሻ ላይ እኔ አንድ ሌሊት አልበቃኝም፤ ሁለት ሦስት ቀን አስጠጣዋለሁ። ጀሪካን የሚሸከመው ልጅ ይረግመኛል፣ ይሁን።

በማግስቱ ከጠጠሩ በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይደረጋል። ቀዳዳው አፍ ላይ ጣውላ ይጋደማል፤ ሁልጊዜ ከአንድ ነጥብ እንድትለኩ። በየ30 ደቂቃው የወረደው ይለካና መልሶ ይሞላል። ለአራት ሰዓት። የሚያዘው የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ቁጥር ነው። የመጀመሪያውን አትዩት፤ እሱ አሁንም ያባብላል።

አንድ መረሬ ላይ የያዝኩትን ላሳይዎት። መጀመሪያ ቀን፣ ደረቅ ሳለ፣ ሦስት ጀሪካን ውሃ ቆመን እያየን ጠጣ። ሁለት ቀን ካደረ በኋላ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት የወረደው 4 ሚሊ ሜትር ነበር። አንድ ሴንቲ ለመውረድ 75 ደቂቃ ማለት ነው። ገደቡ 24 ነው ብያለሁ። ያው ጉድጓድ፣ ያው ሰው፣ በሦስት ቀን ልዩነት።

ቁጥሩ ጥሩ ቢመጣስ? ያኔም ሂሳቡ አለ፤ የእናንተ ዕቅድ በዚህም ይወድቃል። 160 ሠራተኛ፣ በነፍስ ወከፍ 60 ሊትር፣ 9600 ሊትር። በቀን 10 ሜትር ኩብ እንበለው። ሻወር ካለ ከዚህም ያልፋል። አሁን 3 ሜትር በ6 ሜትር የሆነውን ሶክ አዌይ እንለካ። የወለሉን አንቆጥርም፤ ቶሎ ይደፈናል። የግድግዳው ስፋት 56 ካሬ ሜትር ነው። ደህና የተደባለቀ አፈር ከሴፕቲክ ታንክ የወጣ ፍሳሽ በካሬ ሜትር በቀን 24 ሊትር ያህል ይችላል። ስለዚህ ያ ጉድጓድ፣ አፈሩ ያማረ ቢሆን እንኳ፣ ወደ 1.3 ሜትር ኩብ ነው የሚጠጣው። የቀረውን 8.7 ማን ይጠጣው?

«24 ሊትር ብቻ? ንጹህ ውሃ ስንደፋ ስንት ጠጣ!» ይሉኛል። አዎ፣ ንጹህ ውሃ። ፍሳሽ ሲሆን አፈሩ ፊት ላይ ጥቁር፣ የሚያዳልጥ ሽፋን ይሠራል። ባዮማት ይባላል። የባክቴሪያ ሥራ ነው፤ ጀርም የሚይዘውም እሱ ስለሆነ እንደ ጠላት አናየውም። ግን የመስረጉን ፍጥነት ይቆርጠዋል። ከወራት በኋላ የሚወስነው የአፈሩ ፍጥነት ሳይሆን የሽፋኑ ነው።

ጥልቀት የሌለው ማስረጊያ ቦይ በደህና አፈር ላይ ብትሠሩ 10,000ን ለ24 ማካፈል ነው፤ ወደ 420 ካሬ ሜትር የቦይ ወለል። ሸክላ የበዛበት ከሆነ የሚፈቀደው 8 ሊትር ነው፤ 1250 ካሬ ሜትር። የመጀመሪያው ሲደክም የሚተካው እኩል ቦታም ባዶ መተው አለበት። 2500። የግቢያችሁ ግማሽ፣ በቦዮቹ መካከል የሚተወውን መሬት ሳንቆጥር። ይባስ ብሎ የ8 ሊትሩ ቁጥር ለማያብጥ ሸክላ ነው። ለሚያብጠው ጭራሽ አትጠቀሙ ነው የሚባለው።

የፋብሪካ ግቢ ላይ አፈሩን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን ራሱ ግንባታው ነው። ፍተሻው ተሠራ፣ ቦታው ጥሩ ሆነ እንበል። በማግስቱ ሲኖትራክ ጠጠር ይዞ መጥቶ እዚያው ላይ ያራግፋል። ሎደሩ ይመላለስበታል። አፈሩ ታምቆ የተለካው ቁጥር ይሰረዛል። ማስረጊያ የሚሆነው ቦታ የመሬት ሥራው ሳይጀመር በገመድ ሳይሆን በአጥር ይከለል። ገመድ ሹፌር አያይም። ከሌላ ቦታ መጥቶ የተደለደለ ሙሌት ላይም ፍተሻ አይሠራም፤ ሰሌክት ማቴሪያሉ የተመረጠው ሊጠቀጠቅ ነውና።

እንግዲህ እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር? ፍተሻውን አሠራለሁ፤ ምክንያቱም ግቢው ውስጥ አንድ ጥግ ላይ ቀላ ያለ፣ የተደባለቀ አፈር ሊገኝ ይችላል፣ ከተገኘም ብዙ ብር ያድናል። መረሬው ሁሉን ከሸፈነ ግን ማስረጊያን እረሳለሁ። ጥብቅ ታንክ ሠርቶ በመምጠጫ መኪና ማውጣት የሚሉ አሉ። በቀን 10 ሜትር ኩብ በየቀኑ አንድ መኪና ማለት ነው። ለግንባታው ጊዜ ይሆናል፤ ለፋብሪካ ዕድሜ አይሆንም።

የሚሻለው አነስ ያለ ማጣሪያ ነው። ሴፕቲክ ታንኩ እንደ መጀመሪያ ክፍል ይቀራል። ቀጥሎ አየር የሚነፋበት ዝግጁ ማጣሪያ፣ ወይም ከሥሩ ፕላስቲክ የተነጠፈ፣ ፊላና ደንገል የተተከለበት ሰው ሠራሽ ረግረግ። የመጀመሪያው መብራት ይፈልጋል፣ ባለሙያም። ሁለተኛው ቦታ ይፈልጋል፣ ግን መብራት ሲጠፋ አይቆምም። የወጣው ውሃ በክሎሪን ታክሞ ለመጸዳጃ ቤት መልቀቂያና ለግቢው ዛፍ ይውላል። ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ሲመረቅ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የተሠራው። የእሱን ዓይነት ግዙፍ ነገር አያስፈልጋችሁም፤ ሐሳቡ ግን በትንሹም ይሠራል። የቧንቧ ዕቃችሁን ደግሞ ዛሬውኑ ውሃ ቆጣቢ አድርጉት። ከ10 ሜትር ኩብ ወደ 6 ከወረደ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይረክሳል።

ታንኩ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። ወደ 20 ሜትር ኩብ ይሁን፤ የፈረቃ መውጫ ሰዓት ላይ 80 ሰው በአንዴ ሲለቅበት ዝቃጩን እንዳያናጋ። መረሬው ሲያብጥ የታንኩን ግድግዳ ይገፋል። ስለዚህ ዙሪያው ያለው ጥቁር አፈር ወጥቶ በማያብጥ ማቴሪያል በደንብ ተጠቅጥቆ ይተካ። ከመቀበሩ በፊትም ውሃ ሞልታችሁ 24 ሰዓት ያሳድሩት፤ የሚያፈስ ከሆነ ያኔ ይታያል። ባዶውን ቀብራችሁ ክረምት እንዳታስገቡት ደግሞ አደራ። ባዶ ታንክ ጭቃ ውስጥ እንደ ጀልባ ይነሳል፤ ቧንቧውን ሁሉ ገንጥሎ።

የጥጉ ጥያቄ ቀረ። ማስረጊያ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት፤ ወለሉም ከከርሰ ምድር ውሃ ከፍታ ቢያንስ 1.5 ሜትር በላይ ይሁን። በተሰነጠቀ ድንጋይና በሬድ አሽ ላይ 30 ሜትሩም ዋስትና አይሆንም። ሰው ጥግ የሚመርጠው ከራሱ ቢሮ ለማራቅ ነው። አጥሩ ግን ለውሃ አጥር አይደለም። ሥፍራውን ከመወሰንዎ በፊት በአራቱም በኩል ያሉትን ጎረቤቶች አንኳኩተው ጉድጓዳቸው የት እንደሆነ፣ ስንት ሜትር ላይ ውሃ እንዳገኙ ይጠይቁ። ቆፋሪዎቹ ያለፉበትን አፈርና ድንጋይ የጻፉበት ወረቀት ካላቸው ፎቶ ያንሱት። ጥቁሩ አፈር ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ሬድ አሹ የት እንደሚጀምር እዚያ ላይ አለ። እሱን፣ የስድስቱን ቀዳዳ የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት ቁጥርና የጠርሙሱን ፎቶ ከያዙ፣ ከአማካሪዎ ጋር የሚቀረው የዋጋ ንግግር ነው።